የሠዓሊውን ስም ከመጥራት ሥዕሉን መናገር

ባለፈው ዓመት፣ የዐድዋ በዓል ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ አንድ መምህር ወዳጄ ደውሎ በትምህርት ቤታቸው ግቢ የሚሰቀል ፖስተር እንድሠራለት ጠየቀኝ። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ገንዘብ እንደሌላቸው ነገረኝ፤ በሁለተኛው ደግሞ «በኤአይ እኮ አምስት ደቂቃ አይፈጅብህም» አለኝ። የመጽሐፍ ሽፋንና ማስታወቂያ በኮምፒውተር እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ምስል ሠሪ ፕሮግራሞቹም ከወጡ ጀምሮ ከእጄ ተለይተው አያውቁም። ስለዚህ አምስት ደቂቃ ባይሆን ሃያ ደቂቃ ይበቃል ብዬ እሺ አልሁት። ፖስተሩ ያለቀው በበዓሉ ዋዜማ ነው። ሦስቱን ሳምንት የፈጀብኝ ነገር፣ ለማሽን የሠዓሊ ወይም የስልት ስም መስጠትና ሥዕሉን ራሱን መንገር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ዘግይቼ መረዳቴ ነው።

መጀመሪያ የጻፍሁት ፕሮምፕት፣ ማለትም ማሽኑ ምን እንዲሥል የሚነግረው ጽሑፍ፣ «የዐድዋ ጦርነት፣ በኢትዮጵያ ባህላዊ የሥዕል ስልት» የሚል ነበር። (ፕሮምፕቶቼን የምጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እናገራለሁ። እዚህ ሐሳባቸውን በአማርኛ አቀርባለሁ።) አራት ምስል መጣልኝ፤ አራቱም ዐድዋ አልነበሩም። በአንደኛው ላይ ጭስ የሸፈነው ሰፊ ሜዳ፣ ከፊት የወደቀ ፈረስ፣ ከኋላ እየደበዘዘ የሚሄድ ኮረብታ ይታያል፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ሠዓልያን ስለ ራሳቸው ጦርነቶች የሣሉት ዓይነት የዘይት ቅብ ነው። በሁለተኛው ላይ የእኛ ሰዎች ረጅምና ሞላላ የከብት ቆዳ ጋሻ ይዘዋል፤ ይህ የደቡብ አፍሪካ ዙሉዎች ጋሻ እንጂ የእኛ ክብ ጋሻ አይደለም። ሦስተኛው በወርቅ መደብ ላይ የተሣለ የግሪክ ቅዱስ ሥዕል ይመስላል። አራተኛውን ባልገልጸው ይሻላል።

ማሽኑን ከመውቀሴ በፊት ከየት እንደ ተማረ ማሰብ ነበረብኝ። እነዚህ ፕሮግራሞች ሥዕልን የሚያውቁት ከኢንተርኔት በተሰበሰበ ምስልና ከምስሉ አጠገብ በተጻፈ መግለጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነው፣ ጽሑፍን ከምስል ጋር የሚያዛምደው ክሊፕ የተባለው ሞዴል በ400 ሚሊዮን የምስልና የጽሑፍ ጥንዶች የሠለጠነ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ላዮን-5ቢ የተባለው ስብስብ ደግሞ 5.85 ቢሊዮን ጥንዶች አሉት፤ ከእነዚህም ከ2 ቢሊዮን የሚበልጡት መግለጫቸው በእንግሊዝኛ ነው። ለማሽኑ የአንድ ቃል ትርጉም፣ ያ ቃል በተጻፈባቸው ቦታዎች ሁሉ አጠገቡ ተለጥፎ የተገኘው ምስል ድምር ነው። «የኢትዮጵያ ሥዕል» ከሚለው መግለጫ አጠገብ የቱሪስት ፎቶ፣ የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ ሸቀጥ፣ የቤተ ክርስቲያን በር፣ አልፎ አልፎም ትክክለኛው የግድግዳ ሥዕል ተደባልቀው ከተገኙ፣ ድምሩ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። «ጦርነት» ከሚለው ቃል አጠገብ ግን የአውሮፓ ሙዚየሞች ስብስብ በሙሉ ተሰልፏል። ሁለቱ ቃላት በአንድ ፕሮምፕት ውስጥ ሲገናኙ ማን እንደሚያሸንፍ አየሁት።

የችግሩን ምንነት የገለጠልኝ ግን የማሽኑ አለማወቅ ሳይሆን ከልክ በላይ ማወቁ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ለአንድ አነስተኛ የቡና ንግድ የቀን መቁጠሪያ ስሠራ፣ በመስኮት አጠገብ ቡና የምትቀዳ ሴት ፈልጌ ነበር። በዐይነ ኅሊናዬ የነበረው የሆላንዱ ሠዓሊ የዮሐንስ ቬርሜር ብርሃን ነው። ቬርሜር እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1675 የኖረ የዴልፍት ከተማ ሰው ሲሆን፣ የእሱ ናቸው ተብለው የሚታወቁት ሥዕሎች 40 እንኳ አይሞሉም፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዳቸው በኢንተርኔት ላይ ስንት ሺህ ጊዜ ተቀድተው እንደተለጠፉ መቁጠር አይቻልም። «ቡና የምትቀዳ ኢትዮጵያዊት፣ በቬርሜር ስልት» ብዬ ጻፍሁ። ማሽኑ ስሙን በሚገባ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ስሙ ይዞት የመጣውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ሰጠኝ። ሴትዮዋ ቢጫ ጥብቅ ሸሚዝ ለብሳ ሰማያዊ ሽርጥ ታጥቃለች፤ በራሷ ላይ ነጭ ቆብ፣ በጆሮዋ ላይ ዕንቁ አለ፤ ወለሉ ጥቁርና ነጭ ንጣፍ ነው፤ ጀበናው ደግሞ አንገቱን አጥቶ የወተት ማሰሮ ሆኗል። እኔ የፈለግሁት ብርሃኑን ብቻ ነበር፤ የተላከልኝ ግን የቤቱ ዕቃ በሙሉ ነው።

የሠዓሊ ስም ጥቅል ነው። ጥቅሉ ውስጥ ብርሃን አለ፣ ቀለም አለ፣ የቅቡ ዓይነት አለ፣ ያ ሰው በዘመኑ ያየው ልብስና ወንበርም አለ፤ ማሽኑም ከጥቅሉ የትኛውን እንደምንፈልግ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ጥቅሉን የመፍታቱ ሥራ የእኛ ነው። ስለዚህ የቬርሜርን ባለ ወተቷን ሴት ሥዕል በሌላ መስኮት ከፍቼ ለረጅም ጊዜ ተመለከትሁት። ብርሃኑ የሚገባው ከግራ ካለ መስኮት ነው፤ በግድግዳው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚቀያየረው በድንገት ሳይሆን በዝግታ ነው፤ ግድግዳው ባዶ ኖራ ይሁን እንጂ ሚስማርና የሚስማር ቀዳዳ ይታይበታል፤ ተመልካቹ ከሴትዮዋ ዓይን ትንሽ ዝቅ ብሎ ያያታል፤ በዳቦው ቅርፊት ላይ ብርሃኑ የሚያርፈው በጥቃቅን ነጠብጣብ ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ ከምትቀዳው ላይ ዓይኗን አላነሣችም። ከዚያ ስሙን ሰርዤ ይህንኑ ጻፍሁ፦ «ከግራ መስኮት የሚገባ ለስላሳ የጧት ብርሃን፤ ጥቃቅን የሚስማር ቀዳዳ ያለበት በኖራ የተለሰነ ባዶ ግድግዳ፤ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ የጣለች አንዲት ሴት፤ አንገተ ረጅም፣ ሆደ ክብ ጥቁር የሸክላ ጀበና፤ ጆሮ የሌላቸው ትናንሽ ነጭ ስኒዎች በረከቦት ላይ፤ ተመልካቹ ከዓይኗ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚያይ፤ ጸጥታ፤ የዘይት ቅብ በሸራ ላይ»። ከመጡት ውስጥ ሁለተኛው ለቀን መቁጠሪያው ሆነ። ማሽኑ ለስኒዎቹ ጆሮ ሊያወጣላቸው ቢታገልም በሦስተኛው ሙከራ ተወው።

ዛሬ የምከተለው ልማድ ሥዕሉን ላላየ ሰው በስልክ እንደምነግር አድርጎ መጻፍ ነው። በስልክ «ቬርሜርን ይመስላል» ብል ሰሚዬ ቬርሜርን ካላወቀ ምንም አልነገርሁትም፤ ካወቀም የሚያስታውሰው እኔ ያየሁትን ላይሆን ይችላል። ከምናገረው ሁሉ ይበልጥ ውጤቱን የሚለውጠው ሥዕሉ በምን ላይ፣ በምን እንደተሣለ ነው። «በብራና ላይ በመቃ ብዕርና በቀይና ጥቁር ቀለም» ያልሁት ምስል እና «በሸራ ላይ በወፍራም የዘይት ቅብ» ያልሁት ምስል የነገራቸው ጉዳይ አንድ ቢሆንም ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ መናገር ሁለተኛው ነው። የጣሊያናዊውን ሠዓሊ የካራቫጆን ስም ሳይጠሩ «ከላይ ከቀኝ በኩል የሚወርድ አንድ ብቻ የሆነ ጠንካራ ብርሃን፤ የቀረው ክፍል ጨለማ፤ ብርሃኑ ፊትንና እጅን ብቻ የሚነካ» ማለት በሮም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1600 አካባቢ ወደ ሣለው የማቴዎስ መጠራት ሥዕል ድባብ በቀጥታ ያደርሳል፤ ከጣሊያን የመጠጥ ቤት ልብሶችም ያድናል። ስለ ቀለም ብዙ አልልም፤ ቀለምን መናገር ሁሉም ሰው ያውቅበታል።

በጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ስሠራ ያጋጠመኝን ግን ሳልናገር አላልፍም። ጠፍጣፋ ቀለምና ጥርት ያለ መስመር ያለው የጃፓን የእንጨት ኅትመት ስልት ስለምወድ የሆኩሳይን ስም አስገባሁ። ሆኩሳይ እ.ኤ.አ. በ1831 አካባቢ በታተመው የታላቁ ማዕበል ሥዕሉ እጅግ ከመታወቁ የተነሣ፣ ስሙ ለማሽኑ ማዕበል ማለት ሆኗል። ጸጥ ያለው ጣና ጥፍር ያወጣ አረፋ ለበሰ፤ የደንገል ታንኳው ሊገለበጥ ደርሷል፤ ከዘጌ በስተኋላ ደግሞ አናቱ በረዶ የለበሰ የፉጂ ተራራ ቆሟል። ስሙን አውጥቼ «የእንጨት ኅትመት፤ ጠፍጣፋ ቀለም፤ ሰማያዊ የዳር መስመር፤ ሰማዩ ከላይ ጠቆር ብሎ ወደ ታች እየፈዘዘ የሚሄድ፤ የወረቀቱ ሸካራነት የሚታይ፤ መስታወት የመሰለ ውኃ» ስል ፉጂ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በስም ላይ መደገፍ ሌላም አደጋ አለው። ግሬግ ሩትኮቭስኪ የሚባል ፖላንዳዊ የምናብ ዓለም ሠዓሊ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሰዎች ስሙን በፕሮምፕታቸው መጨረሻ ላይ እንደ ቅመም ይነሰንሱት ስለ ነበር፣ በኢንተርኔት ላይ የራሱን ሥራዎች በእሱ ስም ከተሠሩት የማሽን ሥራዎች ለመለየት አስቸጋሪ እየሆነ መምጣቱን ራሱ በይፋ ተናግሯል። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የወጣው፣ ስቴብል ዲፊዩዥን የተባለው ምስል ሠሪ ፕሮግራም 2.0 ስሪት ጽሑፍ የሚያነብበትን ክፍል በመለወጡ ስሙ እንደ ቀድሞው መሥራቱን አቆመ፤ ብዙ ተጠቃሚዎችም እሮሮ አሰሙ። በቀጣዩ ዓመት የመጣው ሌላው ምስል ሠሪ ዳል-ኢ 3 ደግሞ በሕይወት ባሉ ሠዓልያን ስልት ሥራልኝ ሲባል እንዳይሠራ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። የእነዚያ ተጠቃሚዎች ሙያ ሁሉ አንድ ስም ነበር፤ ስሙ ሲወሰድ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ብርሃኑን፣ ቅቡንና አተያዩን በቃላት መግለጽ የለመደ ሰው ግን ፕሮግራም በተለወጠ ቁጥር ጥቂት ቃል አስተካክሎ ሥራውን ይቀጥላል።

ወደ ዐድዋው ልመለስ። ማሽኑ የዐድዋን ሥዕል በስሙ እንደማያውቀው ከተረዳሁ፣ የቀረኝ መንገድ መግለጽ ነው። ልገልጸው ስቀመጥ ግን አንድ የሚያሳፍር ነገር ገባኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በየምግብ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሳየው ያደግሁትን ሥዕል እኔም አላውቀውም። እንደሚያምር አውቃለሁ፤ ምን ምን እንዳለበት ግን መዘርዘር አልቻልሁም። ስለዚህ ሰፈራችን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ወዳላቸው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ንግሥተ ሳባንና ዐድዋን ሲሥሉ ወደ ኖሩ አንድ አዛውንት ሠዓሊ ዘንድ ሄድሁ፤ ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላሉኝ ጋሼ እያልሁ እቀጥላለሁ። የማሽኑን ምስሎች በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱና ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ።

«ጠላቱ የቱ ነው?» አሉኝ።

«እነዚህ ናቸው ጋሼ፤ ነጭ ባርኔጣ ያደረጉት።»

«በባርኔጣ ነው እንዴ ጠላት የሚታወቀው? አንተ ልጅ፣ እስቲ ዓይናቸውን ቁጠር።»

ቆጠርሁ። ሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን ነበራቸው። ጋሼ በራፋቸው አጠገብ ተደግፎ ወደ ነበረ አንድ ያላለቀ ሸራ ጠቆሙኝ። በግራ በኩል ያሉት የእኛ ሰዎች ፊታቸው በሙሉ ወደ ተመልካቹ የዞረ ነው፤ ሰውነታቸው ወደ ጠላት ቢያመራም ትላልቅ ዓይኖቻቸው እኛን ያያሉ። በቀኝ ያሉት ጣሊያኖች ግን ሁሉም በጎን የተሣሉ ናቸው፤ ከእያንዳንዳቸው የሚታየው አንድ ዓይን ብቻ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ክፉ ሰው በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ሰምቼ አውቅ ነበር፤ ይኸው ሕግ በ1888 ዓ.ም. የተደረገ ጦርነት ላይ እንደሚሠራ ግን አስቤው አላውቅም። ሥዕሉ ፍርድ የሚሰጠው በዓይን ቁጥር ነው። ይህን ያልያዘ ምስል ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር የዐድዋ ሥዕል አይሆንም፤ ሁለት ሠራዊት የተገናኘበት ምስል ብቻ ነው።

ጋሼ ካልሲ እንደሚያጥፍ ሰው በተረጋጋ ድምፅ አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ እኔም በስልኬ ጻፍሁ። ጥላ የለም፤ ሰውም ፈረስም መሬት ላይ ጥላ አይጥልም። ሩቅ ያለ ሰው አያንስም፤ የሚያንሰው ማዕረጉ ዝቅ ያለ ሰው ነው፤ ንጉሡ ከሁሉም ይተልቃሉ። ሰዎቹ በመደዳ፣ አንዱ መደዳ ከሌላው በላይ ሆኖ ይደረደራሉ እንጂ ወደ ሥዕሉ ውስጥ አይርቁም። ከላይ በመካከል፣ በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቀስተ ደመና ውስጥ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ጦሩን ወደ ጣሊያኖቹ ይሰብቃል። ምኒልክ ከድባብ ሥር ናቸው፤ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሽጉጥ ይዘዋል። ነጋሪቱ በበቅሎ ጀርባ ላይ በግራና ቀኝ ይጫናል። እያንዳንዱ ቅርጽ በጥቁር መስመር ይከበባል። «ፈረሰኛው ደግሞ» አሉኝ መጨረሻ ላይ፣ ጫማቸውን አውልቀው በእግራቸው እያሳዩ፣ «አውራ ጣቱን ብቻ ነው እርካቡ ውስጥ የሚያስገባው። ጫማ ያደረገ ፈረሰኛ ካየህ ፈረንጅ ነው።»

እቤቴ ገብቼ የጻፍሁት ፕሮምፕት ከመጀመሪያው አሥር እጥፍ ይረዝማል። «ባህላዊ» የሚል ቃል አልነበረበትም፤ «ጦርነት» የሚለውንም አወጣሁት፤ ምክንያቱም ያ ቃል የአውሮፓን ጭስ ይዞ ይመጣል። በምትኩ «በሸራ ላይ የተሣለ ጠፍጣፋ ሥዕል፤ ጥላ የሌለው፤ ወጥ ቀለም፤ ወፍራም ጥቁር የዳር መስመር፤ አንዱ ከሌላው በላይ የተደረደሩ አራት መደዳ ሰዎች» ብዬ ጀመርሁ፤ ከዚያ «በግራ ያሉት ሰዎች ፊታቸው በሙሉ ወደ ተመልካቹ የዞረ፣ ትልልቅ የለውዝ ቅርጽ ዓይኖች፣ ክብ ትናንሽ ጋሻዎች፣ ባዶ እግር፤ በቀኝ ያሉት ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ ወታደሮች ፍጹም በጎን የሚታዩ፣ ከእያንዳንዳቸው አንድ ዓይን ብቻ የሚታይ» አልሁ። ሥዕሉ እንዴት እንደሚታይ መቅደሙ፣ በሥዕሉ ውስጥ ማን እንዳለ መከተሉ በዘፈቀደ አይደለም፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ከፊት ለተጻፈው የበለጠ ክብደት የሚሰጡ ሆኖ አግኝቻቸዋለሁ።

ውጤቱ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። አውሮፓ ከምስሉ ወጣች። ሰዎቹ በመደዳ ቆሙ፤ ጥላው ጠፋ፤ የግራዎቹ ዓይኖች ወደ እኔ ዞሩ። ይሁን እንጂ ማሽኑ ፊት ለፊት የሚያይና ዓይነ ትልቅ የሆነ ሰው ቅዱስ መሆን አለበት ብሎ ስለሚያምን ለሁሉም ወታደር አክሊለ ብርሃን ሰጠልኝ። እኔም የጀማሪ ስሕተት ሠራሁና በፕሮምፕቱ ውስጥ «አክሊለ ብርሃን የሌላቸው» ብዬ ጨመርሁ፤ በሚቀጥለው ምስል ላይ ለፈረሶቹም ወጣላቸው። እነዚህ ሞዴሎች «የለም» ወይም «የሌለው» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ በቅጡ አይረዱም፤ «አክሊል» የሚለውን ግን በደንብ ያያሉ። የማይፈለገው ነገር መጻፍ ያለበት ፕሮግራሙ ለዚሁ በለየው ቦታ ነው፤ ስቴብል ዲፊዩዥን ለብቻው ሳጥን አለው፣ ሚድጆርኒም የራሱ ትእዛዝ አለው። ቦታው ከሌለ ደግሞ ያንን ቦታ የሚይዝ ሌላ ነገር መስጠት ይሻላል፤ እኔ «ራሳቸው ላይ የአንበሳ ጎፈር የደፉ» ስል ለአክሊሉ ቦታ አልተረፈም።

በአማርኛ ለምን እንደማልጽፍ ቃል በገባሁት መሠረት ልናገር። የመጀመሪያዎቹ የስቴብል ዲፊዩዥን ስሪቶች ጽሑፍን የሚያነቡት በክሊፕ ሲሆን፣ ክሊፕ በአንድ ጊዜ ከ77 ቶከን (ማሽኑ ጽሑፍን ከፋፍሎ የሚያነብበት ቁራጭ) በላይ አይቀበልም። የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙውን ጊዜ አንድ ቶከን ነው፤ የግዕዝ ፊደል ግን ለእሱ እንግዳ ስለሆነ አንዱ ፊደል ብቻውን ወደ ሁለትና ሦስት ቁራጭ ይሰባበራል። ስለዚህ ሁለት መስመር አማርኛ ሳይሞላ ቦታው ያልቃል፤ የገባውም ትርጉም አልባ ስብርባሪ ነው። አዳዲሶቹ፣ በተለይም ከቻትቦት ጋር የተያያዙት፣ አማርኛውን ራሳቸው ተርጉመው ስለሚያስተላልፉት በመጠኑ ይሻላሉ። ነገር ግን ትርጉሙ ላይ «ድባብ» ተራ ጃንጥላ፣ «ሐረግ» ደግሞ የዱር ተክል ይሆናል። በብራና መጻሕፍት አናትና ዳር ላይ የሚሣለውን ሐረግ የፈለገ ሰው «በቢጫ፣ በቀይና በሰማያዊ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ ጥብጣብ፣ የገጹን ራስና ግራና ቀኝ የሚከብ» ብሎ ቢገልጸው ይሻለዋል። «ሐረግ» የሚለው ቃል ራሱ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ማሽኑ ዘንድ ባለቤት የለውም።

የሥዕል ፎቶ አስገብቶ «ይህን ስልት ተከተል» ማለትም ይቻላል። ከጋሼ ፈቃድ ጠይቄ ያላለቀውን ሸራቸውን ፎቶ አንሥቼ ሞከርሁት፤ ቀለሙንና መስመሩን በሚያስገርም ሁኔታ ያዘ፤ የዓይኑን ሕግ ግን ፈጽሞ አላስተዋለም። ማሽን ከፎቶ የሚወስደው ዓይን የሚያየውን ነው፤ ለምን እንዲህ እንደተሣለ በቃል ካልተነገረው በስተቀር ከፎቶው ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ ፎቶው ከጽሑፉ ጋር ይሂድ እንጂ ጽሑፉን አይተካም።

ፈቃድ ካልሁ አይቀር፣ በሕይወት ያሉ ወይም በቅርብ ያረፉ ሠዓልያንን ስም በፕሮምፕቴ ውስጥ አላስገባም። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ የሚሰጠው ጥበቃ ሠሪው በሕይወት እስካለና ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ነው፤ በዚህ ስሌት እ.ኤ.አ. በ2012 ያረፉት አፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ገና ለረጅም ጊዜ የተጠበቁ ናቸው። አዋጁ የሚጠብቀው ሥራውን እንጂ ስልቱን አይደለም የሚል ክርክር እንዳለ አውቃለሁ፤ ክርክሩ በሕግ ቢያሸንፍም እኔን አላሳመነኝም። ደግሞም ስሙን ማስገባት አይጠቅምም። የገብረ ክርስቶስ ደስታን ስም ለሙከራ ባስገባሁበት ጊዜ የመጣልኝ የምዕራብ አፍሪካ ጭምብል የሞላበት ምስል ነበር፤ እሱ ከሣላቸው ነገሮች ጋር ምንም ዝምድና የለውም። አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ፊቱ ቆሞ ያየ ሰው ግን «በጥቁር የብረት መስመር የተከፋፈለ መስታወት፤ ከኋላው የሚገባ ፀሐይ ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ የሚረጭ» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ይህ ከማንም የተወሰደ አይደለም፤ ብርሃን በመስታወት ሲያልፍ የሚሆነው ነው።

በበዓሉ ዋዜማ አንድ ጥሩ ምስል ነበረኝ። በላዩ ላይ ማሽኑ የፈጠራቸው፣ ፊደል መስለው ፊደል ያልሆኑ ጭረቶች ስለነበሩ አጠፋኋቸው፤ የሰዎቹን ስምና የበዓሉን ቀን በሌላ ፕሮግራም ራሴ ጻፍሁ። ሁለት ጣሊያኖች ስድስት ጣት ስለነበራቸው ቀነስሁ። ከዚያ በኤ3 ወረቀት አሳትሜ ለጋሼ ወሰድሁላቸው። መነጽራቸውን አወረዱ፤ በጣታቸው ከግራ ወደ ቀኝ እየነኩ ሄዱና በሦስተኛው መደዳ፣ ከመድፉ በስተጀርባ፣ ቆሙ። እዚያ ጭንቅላቱን ትንሽ ያዘመመ፣ ሁለተኛ ዓይኑ በአፍንጫው አጠገብ ብቅ ያለ አንድ ጣሊያናዊ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስመለከተው አላየሁትም።

«ይሄኛው ሊከዳቸው ያሰበ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ከጠረጴዛቸው ላይ ቀጭን ብሩሽ አነሡ፣ ጫፉን በምላሳቸው አሾሉ፣ ከሥጋው ቀለም ጥቂት ነክተው ትርፉን ዓይን ሸፈኑት፤ በአፍንጫው ላይም ጥቁሩን መስመር አንድ ጊዜ ሳቡበት። ወረቀቱ እስኪደርቅ ሻይ ጠጣን። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ የተሰቀለው ያንን ወረቀት ስካን አድርጌ ያሳተምሁት ነው።